ከሰዓት በኋላ ታሪክ ነበረን

የቆርቆሮ ጣሪያ ፀሐይ ሲበረታበት የሚያሰማው ድምፅ አለ። አንድ ሰው ከላይ ሆኖ በጠጠር የሚነካካው ይመስል ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። አሁን የምሠራው ደጋ ከተማ ስለሆነ እንዲህ ያለ ፀሐይ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። በወጣ ቀን ግን ያ ድምፅ ከቢሮዬ በላይ ሲጀምር እጄ የያዘውን ይተዋል። ወዲያው ሸዋ ሮቢት ነኝ፤ አሥረኛ ክፍል፣ ከምሳ በኋላ፣ የታሪክ ክፍለ ጊዜ።

የዚያን አገር ሙቀት ላልቀመሰው ማስረዳት ይከብዳል። ዩኒፎርማችን ከጀርባችን ይጣበቃል። በመስኮቱ በኩል ከአስፋልቱ ላይ የሽንኩርት ጭነት ሽታ ይገባል፤ የባጃጅ ጩኸት ይከተለዋል። በዚያ ሰዓት ሌላ መምህር ቢሆን ግማሻችን ዴስኩ ላይ ተደፍተን እናንቀላፋ ነበር። የታሪክ መምህራችን ግን አያስተኙም።

ጡረታቸው የተቃረበ፣ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ወደ ትምህርት ቤታችን የተዛወሩት በዚያው ዓመት ነው። ይገቡና ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዝ አድርገው፣ "ትናንት የት ላይ ቆምን?" ይላሉ። አንዳችን ተነስተን የትናንቱን ትምህርት እንደ ተረት እንተርካለን። ኖቱን እሳቸው እየተናገሩ ጽሕፈቱ የሚያምረው የክፍል አለቃችን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። አሳይመንት ሰብስበው አርመውልን አያውቁም። "ታሪክ የሚታረመው በጆሮ ነው" ይሉና ቆመን እንድናነብላቸው ያደርጉናል።

እኔ ሰው ፊት መናገር የምፈራ ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰሞን አንብቤ ሳልጨርስ ለመቀመጥ እቸኩል ነበር። እሳቸው ታዲያ፣ "ቀስ በይ እንጂ ልጄ፤ ነጋዴዎቹ ግመላቸውን ሳይጭኑ ከአሊዩ አምባ ገበያ ሐረር አደረስሻቸው" ይሉኛል። ክፍሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ስስቅ ፍርሃቱ ይለቀኛል። ዛሬ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ስናገር የሚሰማኝ ሰው ያንን ልጅነቴን ቢነግሩት አያምንም።

አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጥ ጓደኛ ነበረችኝ። አባቷ ማሾና ሰሊጥ ይነግዱ የነበሩ፣ ኋላ ዓይናቸው ጠፍቶ ቤት የዋሉ ሰው ነበሩ። ከሁላችን ቀድማ ነገሩን ያወቀችው እሷ ናት።

አንድ ቀን መምህራችን ወደ ኋለኛው ዴስክ በጣታቸው እያመለከቱ፣ "አንተ፣ የይፋት ነጋዴዎች ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ምን ይዘው ነበር?" ብለው ጠየቁ። ዴስኩ ባዶ ነበር፤ ልጁ ያን ቀን አልመጣም። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሳቸውም አብረውን ሳቁ። እጃቸው ግን የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲፈልግ አየሁ። ጓደኛዬ አልሳቀችም።

ስንወጣ፣ "አያዩም" አለችኝ።

"ማን?"

"ቲቸር ናቸዋ። ወላሂ አያዩም። አባባም ሲጀምራቸው እንዲህ ነበሩ። እኛን በድምፃችን ነው የሚለዩን።"

"ታዲያ ለዳይሬክተሩ አንነግርም?"

"ነግረን ምን ልንሆን? በሉ ቤትዎ ይቀመጡ ሊሏቸው? አባባን ከዓይናቸው መጥፋት ይልቅ የጎዳቸው ቤት መዋላቸው ነው።"

በማግስቱ መምህራችን ከመግባታቸው በፊት ለክፍሉ ሁሉ የነገረችው እሷው ናት። የተማከርነው ነገር አልነበረም። ብቻ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለመመለስ የሚነሳ ሁሉ መጀመሪያ ስሙን ይናገራል። የቀረ ተማሪ ካለ አለቃችን በር ላይ ተቀብሎ ይነግራቸዋል። ጠመኔውና ዳስተሩ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም፤ መተላለፊያው ላይ ቦርሳ የሚጥል የለም። በሌላው ክፍለ ጊዜ መምህር የሚያስለቅሱት ልጆች እንኳ እሳቸው ሲገቡ ጨዋ ሆኑ። ማወቃችንን ይወቁ አይወቁ እርግጠኛ አልነበርንም። አንድ ቀን ብቻ ሊወጡ ሲሉ በሩን ይዘው ቆም አሉና፣ "እግዜር ይስጣችሁ" ብለውን ሄዱ።

ሁለተኛው ሴሚስተር እንደተጀመረ አንድ ወጣት ሱፐርቫይዘር መጥቶ ኋላ ተቀመጠ። ክፋት ያለው ሰው አልነበረም፤ ሥራው ነው። በመሃል፣ "ይቅርታ መምህር፣ ያረሙት አሳይመንት ካለ ባየው?" አለ። እኛን አቁመው እንደሚያስነብቡን ነገሩት። "ጥሩ ነው" አለና መጽሐፍ ገልጦ እጃቸው ላይ አኖረላቸው። "እስኪ ይቺን አንቀጽ ያንብቡላቸውና ከዚያው ይጠይቋቸው።"

መምህራችን መጽሐፉን እንደያዙ ቆሙ። አለቃችን አንገቱን ደፋ።

ጓደኛዬ ብድግ አለች። ስሟን ተናገረችና፣ "የቲቸር መነጽር ተሰብሮ ነው" አለች፣ ድምፅዋ ቅንጣት ሳይናወጥ።

መምህራችን ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። "ተቀመጪ ልጄ" አሏት፤ "እኔ መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።" ከዚያ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ዞሩ። "ዓይኔ ደክሟል። ማንበብ ካቆምኩ ቆየሁ። እነዚህ ልጆች እኔን ለመሸፈን ብዙ ደክመዋል፤ በእነሱ እንዳትፈርድባቸው።"

ወጣቱ መጽሐፉን ከእጃቸው በቀስታ ተቀብሎ ዘጋው። "መምህር፣ ትምህርቱን ይቀጥሉ" አለ፤ "እኔም ልስማዎት።" ተመልሶ ተቀመጠና እስኪደወል ድረስ እንደ ተማሪ ሰማቸው። ያን ቀን ምን እንዳስተማሩን አላስታውስም። ድምፃቸው እንዴት ረግቶ እንደነበር ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። የዓይን ሞራ ነው ተባለ። የተኩት መምህር ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚሞሉ፣ አሳይመንቱን በቀይ እስክሪብቶ የሚያርሙ ጎበዝ ሰው ነበሩ። እኛ ግን ማንቀላፋት ጀመርን።

በሚቀጥለው ዓመት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሆነን፣ የጡረታ ወረቀታቸውን ሊጨርሱ መጡ። አንደኛው ዓይናቸው ተመልሶላቸው ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ከበብናቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያስተምሩን የአንዳችንንም ፊት በደንብ አይተው እንደማያውቁ የነገሩን ያን ቀን ነው። "እስኪ ተናገሩ" እያሉ፣ ድምፃችንን እየሰሙ፣ ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ። አለቃችንን፣ "ይሄ ቀጫጫ አንተ ነህ? በድምፅህስ ባለ ትከሻ ትመስለኝ ነበር" አሉት። እኔን አገጬን ያዝ አድርገው ትንሽ ተመለከቱኝና፣ "አንቺ እንዳሰብኩሽ ነሽ" አሉኝ።

ቀጥለው ዙሪያቸውን ቃኙ። "ያቺ መነጽር የሰጠችኝ ልጅስ?"

ሁሉም እኔን አየ። አባቷ ክረምት ላይ እንዳረፉ፣ እናቷ ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ወደ ማጀቴ ከተማ እንደሄደች ነገርኳቸው። አድራሻ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላም አላገኘኋትም።

"እንዲህ ነው?" አሉ። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡና በእጃቸው አጠገባቸው መታ መታ አድርገው እንድቀመጥ ጠሩኝ። ደወል ተደውሎ ልጆቹ አንድ በአንድ ተሰናብተዋቸው ወደ ክፍል ገቡ። እሳቸውና እኔ ቀረን።

"ምን ትመስል ነበር?" አሉኝ።

ጠይም መሆኗን ነገርኳቸው። ስትስቅ በሻርፗ ጫፍ አፏን እንደምትሸፍን፣ ግራ ቅንድቧ ላይ በልጅነቷ ወድቃ ያተረፈቻት ጠባሳ እንዳለቻት፣ ስትሄድ ሁሌም የምትቸኩል እንደምትመስል ነገርኳቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።