ቁጭ ብላችሁ አንብቡት

ወልድያ በአንድ የቁጠባ ማህበር ውስጥ ስሠራ፣ ለአባላት በየሳምንቱ በቴሌግራም የሚላከውን ዜና የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ዜናው አልከበደኝም። ያንገሸገሸኝ ከዜናው ቀድማ የምትላከው ባለ ሁለት መስመር ማጓጊያ ናት። አለቃዬ ጨርሰህ አትንገራቸው፣ አስጎምጃቸውና ራሳቸው ይክፈቱት ይለኛል። እኛ አገር ግን ወሬን ግማሹን ተናግሮ ግማሹን የሚውጥ መርዶ አርጂ ብቻ ነው። ይህንን ብነግረው «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ» አለኝ።

አንድ ሳምንት ዜናችን ተራ ነገር ነበር፤ መርሳ ቅርንጫፋችን ከውጭ አገር የሚላክ ገንዘብ መቀበያ መስኮት ተከፈተ። እኔም ይህንኑ ጻፍኩ። አለቃዬ ሰረዘውና በራሱ ቃል ላከው፦ «ውጭ አገር ስላሉት ልጆቻችሁ ያልሰማችሁት ነገር አለ። ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።»

ንዴቴ ሳይበርድ አክስቴ ከመርሳ ቢሯችን ድረስ ከች አለች። ልጇ ሳዑዲ ነው የሚሠራው። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈው ከባጃጅ አወረዷት። ማጓጊያዋን ያነበበችላት ጎረቤቷ ነበረች፤ የቀረውን ክፈቺው ብትላት፣ መርዶ አርጂ እኔ አልሆንም ብላ ስልኩን መለሰችላት።

ስለ መስኮቱ ነገርኳት። አላመነችኝም።

«ለመስኮት ነው ቁጭ በሉ ያላችሁን?» አለች። «ደብቀኸኝ እንደሆነ አላህ ይይልህ።»

ብምልም ብገዘትም የሚሰማኝ ጠፋ። ልጇ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። ሥራ ላይ ሆኖ ነው እላታለሁ፣ እሷ አፍ አፌን ታየኛለች። ደግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ አነሳና በሥራ ሰዓት መደወሌ አስደንግጦት «እናቴ ምን ሆነች?» አለኝ። ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። ምንም አልሆንኩም፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው አለችው። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኝቻት እንደተናደድኩ ተመለስኩ። የአለቃዬ ፊት ግን በርቷል። እንደዛሬው ብዙ ሰው የከፈተው መልእክት ኖሮን አያውቅም፣ በተለይ የመርሳና የግራና ከተማ አባላት፣ ለሚቀጥለውም እንዲህ ያለ ጻፍ አለኝ። እዚያ አካባቢ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው።

ይሄ የምትቆጥረው ሁሉ ልጄ ምን ሆነ ብላ የከፈተች እናት ነው አልኩት።

«ዋናው መክፈቷ ነው» አለኝ።