መምህር ይስማውና ያላዩት በቆሎ

መብራት ጠፍቶ ክብሪት ስጭር፣ የድኙ ሽታ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠው መምህር ይስማው ትዝ ይሉኛል። ትዝ ሲሉኝም እንደ ልጅነቴ ያበሳጩኛል።

በደርግ ጊዜ ቡሬ ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማሩን እርሳቸው ነበሩ። ክርኑ የተጣፈ ካኪ ኮት፣ የጠመኔ ብናኝ ያነጣው ጢም፣ ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ክብሪት። ሻማ ለኩሰው ብርጭቆ ይደፉበታል። «ለምን ጠፋ?» ብለን ስንጠይቅ፣ «እንደገና ለኩሱና እዩ» ይሉናል። የሚኒስትሪ ፈተና እየተቃረበ፣ የጎረቤት ክፍል ተማሪዎች ደብተራቸውን በኖት ሲሞሉ፣ እኛ ፈታም ወንዝ ዳር ተንበርክከን የእንቁራሪት እንቁላል እናይ ነበር።

አባቴ ታግሦ ታግሦ ትምህርት ቤት መጣ።

«መምህር፣ ልጄን የላክኋት እንድታልፍ ነው እንጂ እንቁራሪት እንድትጠብቅ አይደለም። ምናለ ዝም ብለው ቢነግሯቸው?»

«ብነግራቸው የሚያውቁት የእኔን ቃል ነው» አሉ። «እንቁራሪቷን አያውቋትም።»

አባቴ እጁን አወናጭፎ ወጣ።

በዚያው ሰሞን አንድ ካድሬ ስብሰባ ጠርቶ፣ ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ባለው የአምራቾች ማኅበር በቆሎው የሰው ቁመት እጥፍ እንደ ደረሰ ነገረን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። መምህር ይስማው እጃቸውን አወጡ።

«ቅርብ ነው፤ ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ ልየው?»

«ጓድ፣ አላመኑኝም ማለት ነው?»

«እርስዎን አምኛለሁ። በቆሎውን ግን አላየሁትም።»

ማንም አልሳቀም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ቆላ ተዛወሩ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን የሰማ የለም። ምትካቸው ኖቱን ሊያስጽፈን ቢሯሯጥም አልደረሰም። ከክፍላችን ብዙው ወደቀ፤ እኔ ለጥቂት አለፍሁ። ለአንዲት ቀን ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ለእኛ ባያዝኑ ለራሳቸው አያዝኑም? ይኸው ልጆች ወልጄም ንዴቱ አልወጣልኝም።

አሁን ፍኖተ ሰላም አዋላጅ ነኝ። ባዋለድሁ ቁጥር ተረኛዋ ነርስ «ሕፃኑ በደንብ ይተነፍሳል፤ ይሂዱ፣ ይረፉ» ትለኛለች። ነጠላዬን ለብሼ በሩ ድረስ እሄዳለሁ። ከዚያ ተመልሼ እገባና እጄን ደረቱ ላይ አሳርፋለሁ። ነርሷ ከኋላዬ በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ አልፈርድባትም። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ እንዳለችው ሆኖ አገኘዋለሁ።