ትራፊው የሚያዝበት ሒሳብ

ትናንት አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ልሥል ኮምፒውተሩን ስከፍት እንደ ወትሮው «በኢንች ወይስ በሚሊሜትር?» ብሎ ጠየቀኝ። መነጽሬን አውልቄ ዐይኔን አሸት አሸት አደረግሁ። ዕድሜ ልኬን ይህንኑ ስመልስ ኖሬ ታክቶኛል።

በወጣትነቴ ደብረ ታቦር፣ ጋሼ ታከለ ጥገና ቤት ከምስጋናው ጋር እሠራ ነበር። ምስጋናው ዲያቆን ነው፤ ባሕረ ሐሳብ ተምሮ የጾሙን መግቢያ በቃሉ ያወጣል። ጉና ላይ ላለው ጤና ኬላ፣ የክትባት ማቀዝቀዣውን በፀሐይ ኃይል የሚያሠራ ቦርድ ልንሠራ ተነሣን። የቦርድ መሣያ ፕሮግራም መግዣ ስላልነበረን ራሳችን ጻፍነው። ክረምት ከገባ መንገዱ ይዘጋል፤ ሕፃናቱም ሳይከተቡ ይከርማሉ።

ርዝመቱን ሁሉ በሚሊሜትር ዐሥረኛ፣ በሙሉ ቁጥር ብቻ ልንይዝና ትራፊውን ልንጥል ተስማማን። ቦርዱ ላይ በየቀዳዳው የሚሰኩት የቺፑ እግሮች ግን የተለኩት በኢንች ነው። ቦርዱ ተበስቶ ሲያልቅ የመጀመሪያው እግር ገባ፤ ሁለተኛውም ገባ። ወደ መጨረሻው ስንደርስ ቀዳዳው ወዲያ፣ እግሩ ወዲህ ሆነ። ውጭ ሰኔ ግም ብሏል።

«በጉጠት ጠምዝዛችሁ አስገቡት እንጂ!» አሉ ጋሼ።

«ኧረ ጋሼ፣ የጉና ብርድ መች ይምረዋል? ቢሰበር ልጆቹስ?» አለ ምስጋናው። ወደ እኔም ዞሮ፣ «በየእግሩ ትራፊውን መጣላችን ተደምሮ ነው ጉድ የሠራን። በባሕረ ሐሳብ እኮ ዓመታቱን ለዐሥራ ዘጠኝ እያካፈልህ ሙሉውን ነው የምትጥል፤ የምትይዘው ትራፊውን ነው። ኢንቹም ሚሊሜትሩም ሳይሸረፍ የሚገባበት ደቃቅ መለኪያ እንፈልግ» አለኝ።

ጋሼ አጉረመረሙ፤ ኋላ «እሺ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ተዉን።

የሚሊሜትርን ሚሊዮንኛ፣ ናኖሜትርን መረጥን። ፕሮግራሙን ከሥሩ ስንጽፍ፣ በሶ እየበጠበጥን፣ ወገባችን ተቆረጠ። በአዲሱ ቦርድ ላይ ቺፑ ልክክ አለ። በቅሎ ጭነን፣ ጭቃው እየያዘን ጉናን ወጣን።

«እናንት ልጆች፣ በዚህ ዝናብ!» አለችን የኬላዋ ነርስ፤ ትኩስ ቅቅል ድንችም በበርበሬ አቀረበችልን። ቦርዱን ገጥመን ማቀዝቀዣው እምም ሲል ደስታዬን ልነግረው ዞር አልኩ። ምስጋናው ድንቹን እንደያዘ፣ ግድግዳ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል።

ጋሼ ካለፉ ቆዩ። ምስጋናውም ዘንድሮ፣ ቀኑን ራሱ ባወጣው ጾም መግቢያ ላይ ዐረፈ። ናፍቆኛል። ሙሉው ሄዶ እኔ ብቻ ተርፌያለሁ። መነጽሬን መልሼ አደረግሁና ሥራዬን ቀጠልኩ፤ የሚያዘው ትራፊው ነው ብሎኝ የለ።