በሎሚ ጀርባ ላይ የቀባሁት ቀለም

ልጅ ሳለሁ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው የወደብ ከተማ ሰፈራችን ውስጥ አመሻሽ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች አባባ ተሰማ ደጃፍ እንሰበሰብ ነበር። አባባ ተሰማ ከባቡር ሥራ ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ወደ ዐረብ አገር የሚጫኑ ፍየሎችና በጎች ጤናቸው በሚመረመርበት ማቆያ በዘበኝነት የሠሩ፣ ቁጣ የሚቀድማቸው ሽማግሌ ነበሩ። ፋኖሱን ዝቅ አድርገው የከሰሉን ፍም እየቆሰቆሱ ያወሩልናል። ተረቱን ግን በአንድ ምሽት ጨርሰውልን አያውቁም።

አንድ ምሽት የጀመሩልን ሐኪም ስለሆነ ጅብ ነበር። ጅቡ ፍየሎቹን አሰልፎ፣ ዓይናቸውን እየገለጠ፣ ጥርሳቸውን እያየ ይመረምራል፤ ጤነኛ ሆና ያገኛትን ጀርባዋን ቀይ አፈር ይቀባታል። የተቀቡት ይኩራራሉ፣ ያልተቀቡት ያለቅሳሉ። እዚህ ላይ አባባ ፍሙን አመድ አለበሱና «ቀሪው ነገ» አሉን።

ሎሚ የምላት ፍየሌ ስታስል ሰንብታ፣ እናቴ «ካልተሻላት ትታረዳለች» ብላ ነበር። በማግስቱ ከጎረቤት በር ቅብ የተረፈ ቀይ ቀለም አግኝቼ ጀርባዋን ቀባኋት፤ ጤነኛ ተብላ የምትተርፍልኝ መስሎኝ። ከሰዓት በኋላ ከማቆያው ወደ ወደብ የሚነዳ መንጋ በሰፈራችን አለፈ፤ ሁሉም ጀርባቸው ቀይ ተቀብቷል። ከነጂዎቹ አንዱ ሎሚን አየና ከመንጋው ያመለጠች መስሎት ገፍቶ ቀላቀላት። እያለቀስኩ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ተከተልኳቸው፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

በዚያው ምሽት አባባ ተሰማ ተረቱን ጨረሱት። «ጅቡ ሲመሽ ተመልሶ መጥቶ የትኛዋን እንደሚበላ በቀለሙ ለየ» አሉ። ዛሬም ድረስ እቀየማቸዋለሁ።

አድጌ አንትሮፖሎጂስት ሆንኩ፤ ሰውም እንስሳም ሐኪም እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ ፈቃድ የሚባለውም ነገር የማን እንደሆነ ሳጠና ኖርኩ። ባለፈው ዓመት ለጥናቴ ስዞር፣ ሆዳን በሚባለው የከተማችን ዳርቻ ሰፈር ወደ የመን ለመሻገር የምትጠባበቅ አንዲት የሀገሬን ልጅ አገኘሁ። ደላላው ያስመረመራትን ወረቀት ከነቀይ ማኅተሙ እያሳየችኝ «እትዬ፣ ጤነኛ ነሽ አሉኝ፤ አለፍኩ» አለች። ፈራሁላት። «ጤነኛ ለማን?» ልላት ስል እጄ ላይ ያለውን አየሁ፤ በጥናቴ ለመሳተፍ መፍቀዷን በጣቷ እንድታትምልኝ ያዘጋጀሁት ቀለም እሱም ቀይ ነበር።

ክዳኑን ገጠምኩና የጅቡን ተረት እስከ መጨረሻው ነገርኳት። አልሳቀችም። ወረቀቷን አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችና «የምንሄደው ነገ ነው» አለችኝ። ተረቱን በጊዜው ነግሬያት እንደሆነ፣ ወይስ እንደ አባባ ተሰማ መንጋው ካለፈ በኋላ ደርሼ እንደሆነ፣ እስካሁን አላውቅም።