ከግንቡ ወዲያ ያለው ችሎት

ክፍሉ ሽቶ ሸተተኝ። እስር ቤት ሽንትና እርጥበት ይሸታል ብዬ ስጠብቅ አፍንጫዬን የመታው ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት የሚሻገረው ያ ከባድ የሱዳን ሽቶ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት ቤቱ ቀድሞ የተወረሰ የኮንትሮባንድ ዕቃ ይከማችበት ነበር፤ አንድ ካርቶን ሽቶ ወድቆ ተሰብሮ ሲሚንቶው ጠጥቶታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ፣ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ ቆርቆሮ ሥር የዋለ ሰው የምለውን ያውቃል።

"ሠርግ ቤት ነው እንዴ ያስገባኸኝ?" አልኩት ከኋላ የሚገፋኝን ሳጅን።

አልሳቀም። በሩን ዘግቶ ቆለፈ።

እኔ የትራክተር መለዋወጫ የምሸጥ ሴት ነኝ። ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የጎደለውን ሁሉ። ፖለቲከኛ ሆኜ አላውቅም፤ ምላሴ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አርፎ ተቀምጦ አያውቅም። የቀበሌ ስብሰባ ተጠርተን "ጥያቄ ያለው?" ተባለና እጄን አወጣሁ። "ከገበያ እየተያዙ የሚታሰሩት ሰዎች ፍርድ ቤት የማይቀርቡት ለምንድን ነው? ሕገ መንግሥቱ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ይቅረቡ ይል የለም ወይ?" አልኩ። ይህንን የማውቀው አዋቂ ሆኜ አይደለም። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ የማታ ትምህርት ሲማር የማስጠናው እኔ ነበርኩ፤ እሱ ፈተናውን ወደቀ፣ አንቀጹ ግን እኔ ጋ ቀረ። ሰብሳቢው "ጥሩ ጥያቄ ነው" አሉና መዘገቡት። ሱቄ ሳልደርስ መልሱ በፓትሮል መኪና መጣልኝ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ያኔ አብቅቶ ነበር። ልማዱ ግን ገና አላበቃም ነበር።

ውስጥ ሁለት ሴቶች አገኘሁ። አንደኛዋ ድንበር እየተሻገሩ ጨርቅ የሚነግዱ አሮጊት ናቸው፤ መካ ደርሰው የመጡ ስለሆኑ አገሩ ሁሉ "ሐጃ" ነው የሚላቸው። "ወሬ ያቀብላሉ" ተብለው ሁለት ጁምዓ እዚያው አልፏቸዋል። ሁለተኛዋ ከጎጃም ለአጨዳ የወረደች፣ ለአጫጆቹ ዳቦ የምትጋግር ሴት ናት። መታወቂያዋን ሰፈር ጥላ፣ ብዙ ዱቄት ተሸክማ ተገኘች። "ይሄ ሁሉ ዱቄት ለማን ነው? ጫካ ላለው ነው" ተባለች። ከሐጃ በፊት ነው የገባችው፤ ቀኑን መቁጠር ትታለች።

"ኧረ እቴ፣ እኔን ፖለቲካ የት ያውቀኛል?" አለችኝ የመጣሁ ዕለት። "አጫጅ እንደሆን ዳቦ አይጠግብ። ዱቄቱ ቢበዛ ምን ይገርማል?"

ሳጅኑ ክፉ ሰው አልነበረም ማለት አለብኝ። ውሃ ሲያመጣ አይነጫነጭም። ነገር ግን ሦስታችንንም "አንቺ" ነበር የሚለን፣ እናቱ የሚሆኑትን ሐጃን ሳይቀር። ይሄ ከሙቀቱ ይልቅ ያቃጥለኝ ነበር።

ከግድግዳው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ የአየር መግቢያ ቀዳዳዎች ነበሩ። በእነሱ በኩል ጠዋት ጠዋት ድምፅ ይመጣል። መጀመሪያ ገበያ መስሎኝ ነበር። ሐጃ ናቸው የነገሩኝ፤ ከግንቡ ወዲያ ፍርድ ቤት ነው፣ የችሎቱ መስኮት ወደኛ የዞረ ነው። ችሎት አስከባሪው ባለጉዳዮችን ሲጠራ እንሰማለን፤ ዳኛው ሲያስሉ እንሰማለን። ሕጉ እንድንቀርብበት የሚያዘው ቦታ ጎረቤታችን ነበር፤ እጃችንን ብንዘረጋ የምንነካው ይመስለን ነበር። የሚያደርሰን ግን አልተገኘም።

በገባሁ በአራተኛው ቀን ጠዋት ሳጅኑ በሩን ከፈተና "ዕቃችሁን ሰብስቡ፤ ከምሳ በኋላ መኪና ይመጣል" አለ።

"ወዴት?" አልኩት።

"እኔ አላውቅም። ሩቅ ነው።"

በሩ ሲዘጋ ሐጃ መቁጠሪያቸውን ያዙ። የጎጃሟ ሴት ግን ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"ኸዚህ ኸወሰዱን ማን ያገኘናል?" አለች። "ሰዎቼ ሰሊጡን ጨርሰው ኸአገራቸው ይገባሉ። ሞታለች ብለው ተዝካሬን ያወጣሉ። ልጄ ተዝካሬን ትበላለች እኮ።"

እኔን የሚፈልግ ወንድም አለኝ፤ ሐጃን የሚፈልግ ግማሽ ገበያ አለ። እሷ ግን የት እንዳለች ከዚያ ክፍል ውጪ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። እዚያ መኪና ላይ ከወጣች በሕግ ፊት የለችም ማለት ነው። ዳኛ ፊት መቅረብ ካለብን ደግሞ ከምሳ በፊት ነው።

በቀዳዳው በኩል የዕለቱ ችሎት ተጀምሮ ነበር። ሁለት ሰዎች በተከራየ ትራክተር ይካሰሳሉ፤ ሁለቱም ደንበኞቼ ስለሆኑ ማን እንደሚዋሽ ሳይቀር አውቅ ነበር። በእነሱ ክርክር መሐል ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ። ባለፈው ክረምት ለአንድ ሰው ምስክር ሆኜ እዚያው ችሎት ተቀምጬ ሳለ፣ ከኋላችን የአንድ ሰውዬ ስልክ በዘፈን ተንጫጫ። ዳኛው "አቅርቡት" አሉ። ሰውዬው ስልኩን ሳያጠፋ ከመንበሩ ፊት ቆሟል። ዳኛ ፊት ለመቅረብ ሰው ይህን ያህል ይጉላላል፤ ያ ሰውዬ ግን በአንድ ዘፈን ቀረበ።

"ችሎቱን እንረብሽ" አልኳቸው።

"አንቺዬ፣ ዳኛው ይቆጣል" አሉ ሐጃ።

"ይቆጡና ያስጠሩን። እኛ የምንፈልገው መጠራቱን አይደል?"

የጎጃሟ ሴት እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "ምን ብለን እንጩኽ? እሳት እንበል?"

"ውሸት አይሆንም" አሉ ሐጃ። ትንሽ አሰቡና የለበሱትን የሱዳን ቶብ ሳብ አድርገው ተነሡ። "በሕግ አምላክ ነው የሚባለው። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል። በድሮው ጊዜ ገበያ መሐል ሰው ሲደባደብ እናቴ ይህን ብላ ስታቆም አይቻለሁ። ይህን ሰምቶ አልፏት የሚሄድ አልነበረም።"

ከመጮሃችን በፊት ግን ሌላ ሥራ ሠራን። ዳኛ ፊት ተጎሳቁሎ አይቀረብም ብለው ሐጃ የሚጠጣውን ውሃ አካፈሉን፤ ፊታችንን ታጠብን፣ ሻሻችንን አስተካክለን አሰርን። የጎጃሟን ሴት ፀጉር እኔ ጎነጎንኩላት።

የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሙቀቱ ጉሮሮዬን አድርቆት ኖሮ የወጣው ድምፅ ባትሪው የደከመ ትራክተር ነበር። ሐጃ ቀጠሉ፤ የሳቸውም ሽቅብ አልወጣም። ያን ጊዜ የጎጃሟ ሴት ወደ ቀዳዳው ቀና አለች። ይህች ሴት በየቀኑ፣ ዳር እስከ ዳር በማይታይ የሰሊጥ እርሻ ላይ የተበተነ አጫጅ ለምሳ የምትጠራ ሴት ናት፤ እኔ ይሄን ረስቼው ነበር።

"በሕግ አምላክ!"

ቆርቆሮው ጮኸ። ከግንቡ ወዲያ የትራክተሩ ክርክር ቆመ። ደገመችው፤ እኛም አብረናት ጮህን። ከዚያ የዳኛው ድምፅ መጣ።

"ችሎቱን የሚረብሸው ማነው?"

"ከፖሊስ ጣቢያ ነው ክቡር ዳኛ" አለ አስከባሪው።

ዳኛው አሳሉ። "የጮኸው ሰው ይቅረብ። አሁኑኑ።"

ሳጅኑ በሩን ሲከፍት ፊቱ በላብ ርሶ ነበር። ከኋላው ችሎት አስከባሪው ቆሞ ይጠብቃል፤ ስለዚህ "የለም፣ የጮኸ ሰው የለም" ብሎ መመለስ አልተቻለውም።

"ማናት የጮኸችው?" አለ።

"እኔ ነኝ ልጄ" አሉ ሐጃ።

"ሐጃ፣ አይዋሹ እንጂ። የጀመርኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ጀምራችሁ ሙቱ!" አለች የጎጃሟ ሴት ተቆጥታ። "ኸወዲያ የተሰማው የማን ሁኖ ነው? የናንተማ ኸዚች በር አላለፈ።"

ጥፋት ለመቀበል እንዲህ ስንጣላ ላየን ድርሻ የምንካፈል እንመስል ነበር። አስከባሪው ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ሳጅኑ ደከመው፤ "በቃ፣ ሦስታችሁም ውጡ" አለ።

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ከትራክተር ተካሳሾቹ አንዱ ሲያየኝ ደንግጦ ከመቀመጫው ተነሣ። ዳኛው ባለፈው ክረምት ያየኋቸው አይደሉም፣ ገና ወጣት ናቸው፤ በሳላቸው ሽማግሌ መስለውኝ ነበር።

"ይህ ችሎት መድፈር እንደሆነ ታውቃላችሁ?" አሉ።

"እናውቃለን ክቡር ዳኛ" አልኩ። "ለዚሁ ብለን ነው።"

"ለዚሁ?"

"ሌላ ወንጀል ስለሌለን እርስዎ ፊት የሚያቀርበን አላገኘንም። ስለዚህ ይሄን ሠራን።"

አዳራሹ አጉረመረመ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡና ወደ ሳጅኑ ዞሩ። መቼ ተያዙ ብለው ጠየቁት፤ እየተንተባተበ ተናገረ። ፍርድ ቤት መቼ ቀረቡ አሉት፤ ገና አልቀረቡም አለ።

"አርባ ስምንት ሰዓት የሚለውን ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ ክቡር ዳኛ" አለ ሳጅኑ፤ አንድ ያጠናው ነገር ትዝ አለው መሰለኝ ደረቱን ነፋ አደረገ። "ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም ይላል።"

ዳኛው በመስኮቱ በኩል ግንቡን አዩ። እኛም አየን። ችሎቱ በሙሉ አንገቱን አዙሮ ያን ግንብ አየ።

"ከየት ወዴት ነው ጉዞው?" አሉ ዳኛው።

ሳቁ ከኋላ ወንበር ጀምሮ እስከ ፊት መጣ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ፤ እሳቸውም ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ያ አንቀጽ፣ ባለቤቴን ያስጠናሁት፣ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ የሚመስለኝ ነገር፣ እዚያ ቤት ውስጥ ቆሞ ሲሠራ አየሁ።

"ምን ተገኘባቸው?"

"ምርመራው አልተጠናቀቀም ክቡር ዳኛ። አንደኛዋ ዱቄት ገዝታለች።"

"ዱቄት መግዛት በየትኛው ሕግ ነው ወንጀል የሆነው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ይሄ" አሉ ዳኛው። ከዚያ ወደ ጎጃሟ ሴት ዞሩ። "እርስዎ፣ ስምዎን ይንገሩኝ።"

ማንን እንዳናገሩ አልገባትም። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ሌላ ሰው ፈለገች። "እርስዎን ነው" አሉ ዳኛው በድጋሚ። ያን ጊዜ ነጠላዋን አስተካከለችና ስሟን፣ ያባቷን ስም፣ ያያቷን ስም፣ ሳትጠየቅ የተወለደችበትን ቀበሌ ጭምር ተናገረች። ድምፅዋ ቅድም እንደጮኸችው ነበር፤ ዳኛው "ይበቃል፣ ተሰምቷል" አሉ። እኔ አለቀስኩ። ሐጃም አለቀሱ።

ዳኛው እዚያው ትእዛዝ ሰጡ። ማስረጃ ስላልቀረበ ሦስታችንም አሁኑኑ እንድንለቀቅ አዘዙ።

"ችሎት ስለረበሻችሁ ግን ጥፋተኞች ናችሁ" አሉ ወደኛ ዞረው። "በተግሣጽ አልፌዋለሁ። እንዳይለምዳችሁ።"

"የሚያስለምደን ካልመጣ አይለምደንም ክቡር ዳኛ" አሉ ሐጃ።

በሕይወቴ የተፈረደብኝ ወንጀል ያ ብቻ ነው። እኮራበታለሁ።

ዕቃችንን ልንወስድ ጣቢያው ስንመለስ ሳጅኑ በጓሮ በር ሊያስወጣን ፈልጎ ነበር፤ "በፊት ለፊት ነው ያስገባኸን፣ በፊት ለፊት እንወጣለን" አልኩት። ወጣን። በሩ ላይ ሊወስደን የመጣው መኪና ሞተሩ እንደተነሣ ቆሞ ነበር። የሞተሩ ቀበቶ ሲያፏጭ ሰማሁ። ወደ ሾፌሩ መስኮት ጠጋ ብዬ "ቺንጋህ ላልቷል፣ ሩቅ አያደርስህም" አልኩትና መንገዴን ቀጠልኩ። የጎጃሟ ሴት አስፋልቱ ላይ እልል አለች፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ ሠርግ መስሏቸው ጡሩንባ ነፉ።

አሁን ሁላችንም በየሥራችን ነን። ሐጃ ጨርቃቸውን ይሸጣሉ። የጎጃሟ ሴት በአጨዳ ጊዜ ስትወርድ ከሱቄ ሳትገባ አታልፍም። እኔም አንዳንዴ ያ ቀን ሕግ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ አስባለሁ። ሌላ ዳኛ ቢሆን ኖሮ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ግን ሠርቷል። አንድ ጊዜ ሲሠራ ያየሁትን ማሽን ደግሞ አይሠራም ብሎ ማንም አያሳምነኝም።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴት ሱቄ በር ላይ መጥታ ጎማዎቹ መሐል ቆመች። የሳጅኑ ሚስት ነበረች። አለቆቹ ተቀያይረው እሱ ራሱ ታስሯል፤ ለምን እንደሆነ የነገራት የለም፣ ፍርድ ቤትም አልቀረበም።

"እሱ ነው የላከሽ?" አልኳት።

"አይ። እሱማ እንዳትሄጂ ነው ያለኝ። አፍሯል።"

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ደስታው ግን ሱቄን እስክቆልፍ እንኳ አልቆየም። ተያይዘን ፍርድ ቤት ሄድንና ያለ ፍርድ ለታሰረ ሰው የሚቀርበውን፣ አካሉ ነፃ እንዲወጣ የሚጠይቀውን አቤቱታ ላስገባ ተሰለፍኩ፤ እሷ ፈርታ ስለነበር በእኔ ስም ነው። የመዝገብ ቤቱ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ።

"ለታሳሪው ምኑ ነሽ? እህቱ ነሽ? ዘመዱ?"

"አይደለሁም" አልኩት። "አስሮኝ የነበረ ሰው ነው።"