የሩሎው ስለትና የእኔ ሞረድ

የሰሊጥ አጨዳ ስለደረሰ ሰሞኑን ጎረቤቶቼ ማጭዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። በሞረድና በውሃ እንደ እኔ የሚስል የለም ይላሉ፤ እኔም አላስተባብልም። ትናንት ጎረቤቴ ደሴ ማጭዱን ሊያስቀምጥ መጥቶ ሞረዴን እያገላበጠ፣ «ጋሼ፣ ይህን ከየት አገኙት?» አለኝ። ከጎጃም ይዤው እንደመጣሁ ብቻ ነገርኩት።

በሃያ ዓመቴ ነበር ለአጨዳ ወደ ቆላው የወረድኩት። አጨዳው ሲያልቅ አገሬ አልተመለስኩም፤ በኮኪት መንገድ ባለ አንድ የሰሊጥ ማበጠሪያ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ዋናው መካኒክ አያ መኮንን ሞያቸውን ከድንበር ማዶ ገዳሪፍ የተማሩ፣ ቁጣ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ለእኔ እንድጠብቀው የሰጡኝ የማጓጓዣውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ የሚያዞረውን ጎማ የለበሰ ድቡልቡል ብረት፣ ሩሎውን ነው። ሰሊጥ ከቺንጋው ሥር እየገባ ይደፈጠጥና ዘይቱ ከአቧራ ጋር ሩሎው ላይ ይለጠፋል። ያን ጊዜ ሩሎው ይጎረብጣል፣ ቺንጋውም ወደ ጎን ይሸሻል። ይህ እንዳይሆን ከዳር እስከ ዳር ሩሎውን ለስለስ አድርጎ ነክቶ የሚፍቅ ረጅም የብረት ስለት አለ።

«ስለቱን ጥረገው እንጂ አትሳለው» ብለውኝ ነበር አያ መኮንን። «ሲያልቅ ይቀየራል፤ ኻላስ፣ በቃ።»

ስለቱ ታኅሣሥ ላይ አለቀ። አያ መኮንን አዲስ ሊያመጡ ጎንደር ሄዱ። በማግስቱ ሩሎው ቆሸሸ፣ ቺንጋው ሸሸ፣ በር ላይ የሚጠብቀው የጭነት መኪና ሾፌርም በጥሩንባ አላስቀምጥ አለኝ። እኛ አገር በዶለዶመ ማጭድ የሰው ማሳ መግባት ነውር ነው። ስለቱን ፈታሁና በማጭድ ሞረዴ፣ ውሃ እያርከፈከፍኩ ጠጉር እስኪላጭ ሳልኩት። መልሼ ሳስረው ሩሎው እንደ ታጠበ ድስት ጠራ። እያፏጨሁ መሥራት ጀመርኩ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የጎማ ሽታ መጣ። ማሽኑን ሳቆም ስለቱ ጎማውን ገሽልጦታል፤ ጥቁር ፍርፋሪው ነጩ ሰሊጥ ላይ ረግፏል።

ሥራ አስኪያጁና አያ መኮንን እኩል ደረሱ። አያ መኮንን አዲሱን ስለት በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ማን ነው የነካው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ጎንበስ ብዬ ጥቁሩን ፍርፋሪ ከሰሊጡ መልቀም ያዝኩ። ከዚያ ሥራ ሌላ እንጀራም ማደሪያም አልነበረኝም። አያ መኮንን ማሽኑ ላይ የረሳሁትን ሞረድ አዩት፤ ቀስ ብለው አንስተው ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ከመሄዴ በፊት አጥብቄ አስሬው ነው።»

በሳምንቱ አሰናበቷቸው። ዕቃቸውን ይዘው ሲወጡ ሞረዱን መለሱልኝና «ይሄ ለማጭድ ነው» አሉኝ። እኔ እዚያው ዓመታት ሠራሁ፤ በኋላም የእሳቸውን ቦታ ያዝኩ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ግን ነቅዟል። አያ መኮንን ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሥራ አስኪያጁም የት እንደገባ አላውቅም። አሁንም አፍራለሁ። ዛሬ ጠዋት ደሴ ማጭዱን ሊወስድ ሲመጣ ቁጭ አደረግኩትና ሁሉንም ነገርኩት።

የማጭዱን ስለት በአውራ ጣቱ እየሞከረ አዳመጠኝ። «እስከ ዛሬ ለማን ነግረዋል?» አለኝ።

«ለአንተ» አልኩት።