የአምስተኛ ‹ለ› ግራ እጆች

በለጠች ሣህሉ ካስተማረች ሃያ አራት ዓመት ሆኗታል። አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ድምፅዋን ከባቡሩ ነው የወረሰችው ይሏታል። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት እሷ ክፍልፋይ ስታስተምር፣ አጥሩ ጥግ ተሳፋሪ የሚጠብቅ የባጃጅ ሹፌርም አብሮ ይማራል።

ዕጩ መምህራንን ተቀብላ ማለማመድ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር፦ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ልጅ ለሁለት ሳምንት ጠመኔውን ይረከባል፣ እሷ ወጥታ ታርፋለች። ዘንድሮ ግን ዩኒቨርሲቲውና ትምህርት ቤቱ አብረው ለመሥራት ተፈራረሙ። ዕጩዋ ወሰነ ትምህርቱን ሙሉ እዚያው ትቆያለች፤ በለጠች የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያታለች፤ ከመቶው ነጥብ ሃምሳውን በለጠች፣ ሃምሳውን የዩኒቨርሲቲው መምህር ይሰጣሉ።

የደረሰቻት ዕጩ ዴቃ ሮብሌ ነበረች፤ በሶማሊኛም በኦሮምኛም በአማርኛም መቀለድ የምትችል፣ በለጠችን «ኤዶ» ማለትም አክስቴ እያለች የምትጠራ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ። ክፍል ስትገባ ግን ቀልዱ በሦስቱም ቋንቋ ይጠፋባታል። ለመጀመሪያው ግምገማ ዶክተር ኒቆዲሞስ ከዩኒቨርሲቲው መጥተው ሲያዩአት፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ከሰሌዳው ጋር አውርታ ወጣች። ወደቀች። ሁለተኛውም ከከሸፈ ምርቃቷ በዓመት ይገፋል።

በለጠች አዘነችላት፤ ስታዝን ደግሞ ዝም ብላ አትቀመጥም። በሁለተኛው ግምገማ ዋዜማ ሐሙስ ዕለት፣ ዕጩዎቹ ለሴሚናር ወደ ዩኒቨርሲቲው በሄዱበት፣ የአምስተኛ ‹ለ› ልጆችን አሠለጠነች። እንግዳ ሲኖር ሁሉም እጁን ያወጣል፤ መልሱን የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። ለስንቱ ተቆጣጣሪ ሲሠራ የኖረ ዘዴ ነው። ሦስት ጊዜ ተለማመዱ።

ዓርብ ጠዋት ዴቃን በር ላይ ያዘቻት።

«ቀኝ እጅ ያወጣውን ብቻ ጥሪ። ሌላውን እንዳላየሽ እለፊው።»

«ኤዶ፣ ይሄ ማጭበርበር አይደለም?»

«መተጋገዝ ነው። ግቢ!»

ዶክተር ኒቆዲሞስ ከበለጠች አጠገብ ተቀመጡ። ዴቃ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ዞረች።

«የቱ ይበልጣል?»

አርባ አምስት እጅ ባንዴ ወጣ። ዶክተሩ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ።

የሠለጠኑት ግን ልጆቹ እንጂ ዴቃ አይደለችም። ፊት ለፊታቸው ቆማ የራሷን ቀኝ ተከተለች፤ እሷ በቆመችበት በኩል ቀኝ የሚመስለው ደግሞ የልጆቹ ግራ ነው። ለበለጠች ይህ የገባት የዴቃ ጣት ሃዎ የምትባል ልጅ ላይ ሲያርፍ ነው። የሃዎ ግራ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ።

«እኔ? . . . አንድ አራተኛ።»

«ለምን?»

«አራት ከሦስት ስለሚበልጥ።»

በለጠች ሳለች። ሳሏ ከድምፅዋ አያንስም። ዴቃ ደንግጣ አየቻት፤ የወረደውን እጅ አየች፤ ገባት። በሃዎ ዙሪያ አምስት ቀኝ እጆች እየተውለበለቡ ነበር። አንዱን ጠርታ ማለፍ ትችላለች። ሃዎ ግን አንገቷን ደፍታለች።

«አቦ፣ እኔም ባንቺ ዕድሜ እንደዚያ ነበር የማስበው» አለች ዴቃ። «ባጃጅ ትሳፈሪያለሽ?»

«አዎ።»

«ከኋላ ሦስት ስትሆኑ ነው የሚመችሽ ወይስ አራት?»

«ሦስት! አራት ከሆንን እኔን ነው ጉልበት ላይ የሚያስቀምጡኝ።»

ክፍሉ ሳቀ። ዴቃ ባዶ ዴስክ ወደ ፊት አስጎትታ ሦስት ልጆች አስቀመጠችበት፤ ለእያንዳንዱ የዴስኩ አንድ ሦስተኛ ደረሰው። ከዚያ ዐብዱልዓዚዝን ጨመረች። ዐብዱልዓዚዝ ደልደል ያለ ልጅ ነው፤ ዳር የነበረችው ተንሸራትታ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሹፌር፣ ትርፍ ጫንክ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

ሃዎ ሳትጠራ ተነሣች። «ቲቸር፣ አንድ ሦስተኛ ነው የሚበልጠው። ሰው ሲበዛ ድርሻው ያንሳል።»

ትምህርቱ እንዳለቀ ሦስቱም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀመጡ።

«የመጀመሪያዋን ልጅ ሆን ብለሽ ነው የጠራሻት?» አሉ ዶክተሩ።

አዎ ብትል ያበቃ ነበር። ዴቃ ጣቶቿን አየች። «አይ፣ ተሳስቼ ነው። ቀኝ እጅ ነበር መጥራት የነበረብኝ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው ዶክተር» አለች በለጠች ቶሎ ብላ፤ ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «በእኛ ጊዜ የማያውቅ እጁን ጨብጦ ነበር የሚያወጣው። የእናንተ ተሻሽሏል» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። «አርባ አንድ ሰጥቻታለሁ። መሳሳቷን እያወቀች ልጅቷን ጥላ አልሄደችም፤ ይህን እኛ አላስተማርናትም።» ቀጥለው የበለጠችን ቅጽ ገፋ አደረጉላት፤ ትናንት የተሞላ፣ ሃምሳ ከሃምሳ። «ይሄኛውን ግን ባዩት ልክ ይሙሉት።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ በለጠች አዲስ ቅጽ ሞላች። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። ዴቃ በትከሻዋ ላይ አጮለቀች።

«ሠላሳ ስምንት? ኤዶ! እሳቸው እንኳ አርባ አንድ ሰጥተውኝ!»

«እሳቸው ሁለት ቀን ነው ያዩሽ። እኔ ስንት ሳምንት ጀርባሽን አይቻለሁ።»

«ግን አለፍኩ?»

«አልፈሻል። ሰኞ ክፍልፋይ መደመር ነው፤ ቁጭ በይ፣ እንዴት እንደምታስተምሪው አብረን እናቅድ።»

ዴቃ ግን ለእናቷ ልትደውል ስልኳን ይዛ ወደ ግቢው ሮጣ ነበር።